የፉርጎ ቅደም ተከተል

ሙሮራን ላይ በረዶ ከላይ አይወርድም፤
ከባሕር በጎን ይመጣል፣ ቤት አይመርጥም።
ሺገሃሩ ምድጃው ሥር፣ እግሩን በወፍራም ካልሲ ቋጥሮ፣
ዲስኩን አየው፣ ወደ መብራቱ አዙሮ፤
ጠርዙ ቡኒ መትቷል፣ ጎኑን እንደተመታ ፖም።
«ዘንድሮን አያልፍም።»

አርባ ጊጋውን ከብሉ ሬዩ ወደ ሃርድ ዲስኩ ሲያጋባ አደረ፤
ኮምፒውተሩም ጉንፋን እንደያዘው ሲያንኮራፋ ነበረ።
ሲነጋ ሜኑው መጣ፦
ጣቢያው፣ ጭሱ፣ ሙዚቃው፣ ሁሉም በየቦታው።
«ጀምር»ን ተጫነ። ጨለመ። ተመልሶ ሜኑው።
«ምዕራፍ ምረጥ»ን ተጫነ። ሜኑው።
«ድምፅ»ን። ሜኑው።
ቀበሌ እንደሄደ ባለጉዳይ፣
«ነገ ና» ተብሎ በር ላይ፣
ጣቱ እየሄደ ይመለሳል።

ሳፖሮ ደወለ፤ ለወንድሙ ልጅ ለሳዮኮ።
«ሜኑውን ይተውት፣ አጎቴ፤ እሱ በር ነው እንጂ ቤት አይደለም እኮ።
ከኋላው ፕሌይሊስት የሚባል ዝርዝር አለ፤
ረጅሙን መርጠው ይክፈቱ፣ ነገሩ ቀለለ።»

ከፈተው። ስምንት መቶ አርባ ሁለት!
ሁሉም እኩል ርዝመት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ፊት።
ሌባው መንገድ ይሳት ብለው ነው የሠሩት፤
ከፍሎ የገዛውም አብሮ ሳተበት።

የመጀመሪያውን ነካ፦ መበለቲቱ አለቀሰች፣
ቀጥሎ ተዳረች፣
ቀጥሎ ዳኛው ፈረደ፣ ሌባው ገና ሳይሰርቅ።
ሺገሃሩ ሳቀ። ይህንንማ ያውቃል፤
አርባ ዓመት ጣቢያው ጓሮ ፉርጎ ሲቀጥል ኖሯል፤
ከሰሉን ከዓሣው፣ ዓሣውን ከደብዳቤው፣
ማን ማንን እንደሚከተል ከእጁ ወረቀት እያነበበ።
ፕሌይሊስት ማለት ያ ወረቀት ነው። ፊልሙ ራሱ
በቁራጭ በቁራጭ ተበትኖ ሐዲድ ላይ ቆሟል።

እርሳሱን አወረደ፤
ጆሮው ላይ ነበር፣ ጡረታ እንኳ ያላወረደው።

መነሻው ግን ከወዴት? ከቶሺኤ።
ፊልሙ እዚህ ሲቀረጽ፣ ለአንድ ቀን ተቀጥራ፣
የሰው ቀይ ሻርፕ አልብሰዋት፣ ምሳ በሣጥን ሰጥተዋት፣
የጣቢያውን መድረክ አቋርጣ ሄደች፤ አምስት እርምጃ።
መጨረሻው ላይ ስሟ አልተጻፈም።
እሷ ግን «የእኔ ፊልም» ስትለው ኖረች፣
እስካለፈው መስከረም።

ቁራጭ ሰባ ሦስት እዚያ ያልቃል፤ አራተኛው እርምጃ ላይ፣
ቀኝ እግሯ ከምድር ተነሥቶ፣ ሳያርፍ።
ተከታዩ ፉርጎ እግሯን የሚያሳርፈው ነው እንግዲህ፤
ሌላው ሁሉ ውሸት።

በአንደኛው አነሣች፣ ቤት ተቃጠለ።
በዐሥራ ሰባተኛው አነሣች፣ ድመት ወተት ላሰ።
በመቶ ሦስተኛው አነሣች፣ ዳኛው አዛጋ።
ይሰርዛል። ሻዩ ይቀዘቅዛል። ይሰርዛል።
በሦስተኛው ቀን ሳዮኮ ደወለች፤ «አገኙት?»
«እግሯ አላረፈም» አላት።
ልጅቱ ስልኩን ይዛ ዝም አለች።

ስድስት መቶ ዐሥራ ሰባት ላይ
አነሣች፤
ረገጠች።
ጫማዋ ሲሚንቶው ላይ ጠቅ አለ፣ ባቡሩ ገባ፣ ጭሱ ሻርፑን ዋጠው፣
የቀረውም ፊልም ተያይዞ መጣ እንደ ሰንሰለት፤
ሌባው ሰረቀ፣ ከዚያ ተፈረደበት።

ቁጥሩን በነጭ ቀለም ክዳኑ ላይ ጻፈው፣
ፉርጎ ላይ እንደሚጻፈው፣ ጎላ አድርጎ።
«ሜኑውስ?» አለች ሳዮኮ።
«እንደቆመ ይቁም።»

ውሸቶቹን ደመሰሰ፤ ስምንት መቶ አርባውን።
አንዱን ግን ተወው፦ አራት መቶ ዘጠኝን።
በዚያኛው ቶሺኤ ቀኝ እግሯን ታነሣለች፣
ቀጥሎ ባሕር ይመጣል፣
ጠፍጣፋ፣ መርከብ የሌለው፣ በረዶ የማይጥልበት፤
ያን ሁሉ ውኃ ተሻግራ
የት እንዳረፈች
ዝርዝሩ አይናገርም።